የመጨረሻው ውርጭ በጁባ

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ድንቁርናዬን ልናዘዝ። እስካለፈው መጋቢት ድረስ ዘር ማለት አፈር ውስጥ ገብቶ ውሃ ሲያገኝ የሚበቅል ነገር ይመስለኝ ነበር። ይህን ኋላ ቀር እምነት ከማን እንደ ወረስኩት አላውቅም፤ ምናልባት በልጅነቴ በየአጥሩ ሥር ማንም ሳያዘው ሲንሰራፋ ካየሁት ዱባ ይሆናል። ዘር በመጀመሪያ ደረጃ ኮሚቴ፣ በሁለተኛ ደረጃ መመሪያ፣ በሦስተኛ ደረጃ ወደ ደቡብ የሚመለከት መስኮት የሚያሻው ፍጡር መሆኑን፣ አፈርና ውሃ ግን «ልዩ ልዩ» በሚለው አጀንዳ ሥር በመጨረሻ የሚታዩ ጥቃቅን ጉዳዮች መሆናቸውን የተረዳሁት፣ ጁባ ውስጥ በኮር ዊሊያም ሰፈር በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን ቃለ ጉባኤ ለመያዝ ከታደልኩ ወዲህ ነው።

የመሥሪያ ቤታችንን ስም አልጠራም። የተቋቋመበት ዓላማ የከተማው ነዋሪ ጓሮውን አልምቶ አትክልት እንዲበላ ማስተማር ሲሆን፣ ይህን ከባድ አደራ ለመወጣት ሲል ራሱ በገዛ ግቢው አንዲት ቅጠል እንኳ አብቅሎ ጊዜውን አባክኖ አያውቅም።

በመጋቢት መባቻ ከባሕር ማዶ ካለው ዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ትልቅ ጥቅል ደረሰን። በውስጡ የዘር ከረጢቶች፣ የችግኝ ትሪዎች፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ማሞቂያ ምንጣፎችና «ፈጥነው የሚበቅሉ አትክልቶችን በፀደይ ወራት በቤት ውስጥ የማስጀመር መመሪያ» የተባለ ባለ ወፍራም ሽፋን መጽሐፍ ነበረበት። ዘሮቹ ራዲሽ የሚባል ሥሩ የሚበላ አትክልት፣ ሰላጣና ጅርጅር ነበሩ። ጅርጅር ማለት በጁባ ገበያዎች ሁሉ በእስር በእስር ተደርጎ የሚሸጠው፣ በየምሳ ሳህኑ ጠርዝ ላይ የማይጠፋው ያ መራራ ቅጠል ነው። ሆኖም ከባሕር ማዶ በታሸገ ከረጢት የመጣ ጅርጅር፣ በነጭ አባይ ዳር ከሚበቅለው ጅርጅር ጋር በአንድ ዓይን ሊታይ እንደማይገባው ግልጽ ነው።

መመሪያውን ለማማት የሚከጅል ካለ ከእኔ ጋር ይጣላል። በተጻፈበት አገር እያንዳንዱ ቃሉ እውነት ነው። እዚያ በመጋቢት መሬቱ ገና በበረዶ የታሸገ ነው፤ አስተዋይ ገበሬ ዘሩን ቤቱ ውስጥ በሞቀ ቦታ ያስጀምርና፣ ውጭው ለዘብ ሲል ችግኙን አውጥቶ ይተክላል። ጁባ ግን የምታውቃቸው ወቅቶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አቧራና ጭቃ። በመጋቢት አቧራው ነግሦ፣ ከጀበል ኩጁር ተራራ የሚነሳው ነፋስ ራሱ ጥላ ፍለጋ የሚሮጥ ይመስላል። ይህ እንግዲህ የመመሪያው ጥፋት አይደለም፤ የጁባ ነው።

ዋና አስተባባሪያችን አቶ ስምኦን ጉዳዩን ባነሳ ጊዜ፣ የዕቃ ግዢና ትራንስፖርት ኃላፊው ሉቃስ፣ ወጣትነት ባመጣበት ችኮላ እጁን አወጣ።

«ውጭ ብንዘራውስ? ቦታ አለን፣ ፀሐይ አለን፣ የውሃ ቦቴም ይመጣል።»

አቶ ስምኦን መነጽሩን አወለቀ። መነጽሩን ሲያወልቅ አንድ ሰው መታረሙ አይቀርም።

«አቶ ሉቃስ፣ የመመሪያውን ርዕስ እስቲ ያንብቡልን።»

«በቤት ውስጥ... ይላል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ቤት ውስጥ ነዋ።»

«ይያዝ» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ። «አቶ ሉቃስ ሐሳባቸውን በገዛ ፈቃዳቸው አሻሽለዋል።»

መመሪያው ወደ ደቡብ የሚመለከት መስኮት ያዝዛል። ግቢውን ዞረን መረመርን። የአቶ ስምኦን ቢሮ መስኮት ወደ ሰሜን ያያል፤ የእኛ ወደ ምሥራቅ። ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ያለው ክፍል አንድ ብቻ ተገኘ፤ እሱም የወይዘሮ አረጋሽ ምሳ ቤት ነው። መስኮቱ የሚያየው የጄኔሬተሩን ቤት ጀርባ ቢሆንም፣ መመሪያው አቅጣጫን እንጂ ትዕይንትን አልጠየቀም።

ወይዘሮ አረጋሽ ከሆሳዕና መጥታ በግቢያችን ጥግ ክፍሉን ተከራይታ ምሳ የምታበላ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ መዝሙር የምትዘምር፣ ዱቤ ስትጠየቅ ደግሞ መዝሙሩን ከፍ የምታደርግ ሴት ናት። ከባንክ፣ ከአየር መንገድ፣ ከግንባታ ሥራ የሚመጡ ያገሬ ልጆች ሁሉ ደንበኞቿ ናቸው። ሽሮዋ ጥሩ ነው፤ ዓሣዋም ጥሩ ነው። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር፣ በጁባ ቀትር ሰው ወደ እርሷ የሚሄደው በቅድሚያ ለጣሪያውና ጣሪያው ላይ ለሚዞረው ቬንትሌተር ነው። ያ ክፍል ከሌለ ንግዷ የለም። ይህን እርሷም ታውቃለች፣ እኛም እናውቃለን፤ እኛ ግን መመሪያም አለን።

ቁልፉን የተረከብነው በተገቢው ሥነ ሥርዓት ነው።

«ለምን ያህል ጊዜ ነው?» አለች።

«እጅግ ለአጭር ጊዜ» አላት አቶ ስምኦን። «ዘሮቹ ፈጣን ዘሮች ናቸው፤ ስማቸው ላይ ተጽፏል። የመጨረሻው ውርጭ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ ችግኞቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ፣ ክፍሉም ለእርስዎ በክብር ይመለሳል።»

«ሁለት ሳምንትማ ምን አላት? ጌታ ይባርካችሁ» ብላ ቁልፉን ሰጠችው። ከአረፍተ ነገሩ የወደደችውን ጫፍ ይዛ ሄደች፤ ሌላኛውን ጫፍ ለእኛ ተወችልን።

ጠረጴዛዎቹ ከማንጎው ዛፍ ሥር ወጡ። ትሪዎቹ ገቡ፣ ምንጣፎቹ ተዘረጉ፣ ሶኬት ላይ ተሰኩ። ምንጣፎቹ ግን አልሠሩም። ብልሽት አልነበረባቸውም፤ ክፍሉ እነሱ ሊያሞቁት ከተዘጋጁት በላይ ሞቆ ስለጠበቃቸው፣ የሚሠሩት አጥተው ዝም አሉ።

«ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ሥራ ፈቶ መቀመጥ የለበትም» አለ አቶ ስምኦን፤ ነገሩ ከልቡ ነክቶት ነበር። «ክፍሉ ይቀዝቅዝ።»

የእኛ ቢሮ ኤሲ ተነቅሎ ምሳ ቤቱ ውስጥ ተገጠመ። ጄኔሬተሩ ቀን ከሌት ማጓራት ጀመረ። ኤሲው ክፍሉን ሲያቀዘቅዝ ምንጣፎቹ ነቅተው ማሞቅ ጀመሩ፤ ምንጣፎቹ ሲያሞቁ ኤሲው ተናዶ ይብስ አቀዘቀዘ። የሁለቱ ፉክክር ከፍተኛ የሥራ መንፈስ የተሞላበት ነበር። እኛ ሸሚዛችንን ቢጨምቁት ባልዲ በሚሞላ ላብ ተጠምቀን ወረቀት ስንገለብጥ፣ ራዲሾቹ በነፋሻማ አየር ተንደላቀቁ። ዘበኛችን ሱሌይማን ውሃ ሊያጠጣቸው ሲገባ የሱፍ ኮፍያ ይደፋ ጀመር። ልጅነቱን ጋምቤላ አሳልፎ አማርኛን ከነሽሙጡ የተማረ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ሰው ብርድ መታው ቢባል ማን ያምናል?» አለኝ አንድ ቀን።

«ሪፖርቱ ያምናል» አልኩት።

ዘሮቹም የመሥሪያ ቤታችንን አሠራር ገና ስላልተለማመዱ ወዲያው በቀሉ።

ችግር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መመሪያው «የመጨረሻው ውርጭ ሳያልፍ አንድም ችግኝ ከቤት እንዳይወጣ» ሲል በደማቅ ፊደል ያስጠነቅቃል። ስለዚህ የውርጭ ጉዳይ ባለሙያ መሾም አስፈለገ። ከመካከላችን ውርጭ በዓይኗ አይታ የምታውቀው የፕሮግራም ኃላፊዋ ፅጌረዳ ብቻ ነበረች፤ ደብረ ብርሃን ተወልዳ ያደገች በመሆኗ በመስኩ የካበተ ልምድ አላት። በየማለዳው ፀሐይ ሳትወጣ በግቢው ሣር ላይ ጎንበስ ብላ በእጇ እየዳበሰች ትመረምራለች፤ ከዚያም ሪፖርት ታቀርባለች።

«ዛሬም ውርጭ አልታየም።»

«አልታየም ማለት አላለፈም ማለት ነው» ይላል አቶ ስምኦን።

«ኧረ አልመጣም እኮ ነው፣ ጋሼ ስምኦን።»

«ያልመጣ ነገር እንዴት ሊያልፍ ይችላል?»

«እኔም የምለው እሱን ነው!»

«እንግዲያው ተስማምተናል፤ እንጠብቃለን።»

ጠበቅን። ችግኞቹ በዚያ ጨለምለም ባለ ክፍል ብርሃን ፍለጋ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ወደ ደቡባዊው መስኮት፣ ማለትም ወደ ጄኔሬተሩ ቤት ጀርባ፣ ተንጠራሩ። ነጡ፣ ቀጠኑ፣ ረዘሙ፣ ከዚያም ራሳቸውን መሸከም አቅቷቸው አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ተደገፉ። አቶ ስምኦን ቁመታቸውን አይቶ «በቁመት ረገድ ከዕቅድ በላይ» ሲል አስጻፈኝ።

በማንጎው ሥር ያለው የወይዘሮ አረጋሽ ገበያ ግን ከዕቅድ በታች ነበር። አቧራው ሽሮው ላይ ይነሰነሳል፣ ቀትሩ ቅጠሉን በስቶ አናት ላይ ያርፋል። መጀመሪያ የግንባታ ሠራተኞቹ ቀሩ፤ ቀጥሎ የአየር መንገዶቹ። እስከ መጨረሻ የጸናው የባንኩ አብይ ነበር። እሱም አንድ ቀን ዓሣውን ገና አንድ ጊዜ እንደ ጎረሰ፣ ከዛፉ ላይ ሲያጠና የቆየ አባ ኮዳ የተባለ ግዙፍ ወፍ ቁልቁል ወርዶ የቀረውን ከነሎሚው ይዞበት በረረ።

«አረጌ፣ እኔ እወድሻለሁ» አላት አብይ ባዶ ሳህኑን እያየ፤ «ግን ከዚህ ወፍ ጋር ማዕድ አልጋራም።»

በማግስቱ አልመጣም። ወይዘሮ አረጋሽ በዚያ ቀን አልዘመረችም። መዝሙር ስታቆም ጊዜ ነገሩ እንደ ከረረ ገባን። ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ላይ ሳለን በሩን ሳታንኳኳ ከነሽርጧ ገባች።

«ቁልፌን!»

«ወይዘሮ አረጋሽ፣ በስብሰባ ላይ ነን» አለ አቶ ስምኦን።

«እሱንማ አየሁ፤ እናንተ ስብሰባ ላይ፣ ራዲሹ ኤሲ ሥር፣ እኔ አባ ኮዳ ሥር! ሁለት ሳምንት አላላችሁኝም?»

«የመጨረሻው ውርጭ ካለፈ በኋላ ነው ያልነው።»

«የምን ውርጭ?»

«የመጨረሻው።»

«በኢየሱስ ስም! ጁባ ላይ ውርጭ አለ እንዴ? ፅጌ፣ አንቺ እንኳን የደብረ ብርሃን ልጅ፣ አፍ የለሽም?»

ፅጌረዳ በእጇ ፊቷን አራገበች። «በየጠዋቱ እፈልገዋለሁ፣ እትዬ አረጋሽ። ምን ላድርግሽ፣ አልመጣም።»

«አልመጣማ! ክፍሌ በዚህ ሳምንት ካልተመለሰልኝ ድስቴን ጠቅልዬ ሆሳዕና መግባቴ ነው፤ ደንበኛ አልቆልኛል። ውርጩ አልመጣም ካላችሁ ሄዳችሁ አምጡታ! ከወንዙ ማዶ ሸሪካት ሰፈር በረዶ ይሸጣል፤ በመኪናችሁ ጭናችሁ አምጡና ግቢው ላይ አፍስሱት! ሲቀልጥ አለፈ በሉና ቁልፌን ስጡኝ!»

አቶ ስምኦን መነጽሩን አወለቀ። ሁላችንም ለወይዘሮ አረጋሽ አዘንን።

«እባክዎ ይድገሙልን» አላት።

«ምኑን?»

«የውሳኔ ሐሳቡን።»

«የምን ውሳኔ? ስድብ ነው እኮ! እየሰደብኳችሁ ነው!»

«በጽሑፍ እንዲያቀርቡት አንጠይቅም፤ በቃል ተቀብለናል። ይያዝ» አለኝ።

ያዝኩት። ወይዘሮ አረጋሽ አንዴ እኔን፣ አንዴ እርሱን እያየች ቆመች። ሰው ተሳድቦ የሚሰማው አጥቶ ሲያዝን አይቻለሁ፤ ስድቡ በሙሉ ድምፅ ሲጸድቅለት የሚይዘውን መደንገጥ ግን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ውሳኔው ከተላለፈ በኋላ የሙያ ክርክር ተነሳ። ፅጌረዳ ውርጭ እንደ ዱቄት የሳሳ፣ በሣር ጫፍ ላይ የሚያርፍ፣ በማለዳ የሚታይ መሆኑን፣ ከሸሪካት የሚመጣው ግን ለዓሣ ነጋዴ የሚሸጥ እንደ ድንጋይ የጠጠረ በረዶ መሆኑን አስረዳች። በረዶው በደንብ ተወቅጦ በማለዳ ይበተን በሚለው ማሻሻያ ክርክሩ ተዘጋ።

ሉቃስ ፒክአፑን ይዞ የወንዙን ድልድይ ተሻገረ፤ ከወዲያ ማዶ ሸሪካት ገብቶ በረዶውን ጫነ፣ በሸራ ሸፈነ። ሲመለስ ከድንበር ከተማዋ ከኒሙሌ የሚመጡት ካሚዮኖች ድልድዩን ዘግተውት ቆዩ። ግቢ ሲደርስ ፒክአፑ ከኋላው ቀጭን ጅረት ያስከትል ነበር። ሱሌይማን ሸራውን ገለጠና ራሱን ነቀነቀ።

«ኸላስ። ማፊ።» ከዚያም ለአቶ ስምኦን ተረጎመለት፦ «አልቋል፤ የለም።»

«ድልድዩ ላይ ቆመን ነው የቀለጠው» አለ ሉቃስ።

ወይዘሮ አረጋሽ ከማንጎው ሥር ብድግ አለች። በዚያች ደቂቃ እርሷም እንደ እኛ ማሰብ ጀምራ ነበር፤ ይህም ተላላፊ ነገር መሆኑን ያሳያል።

«እንግዲህ ውርጩ ድልድዩ ላይ አለፈ ማለት አይደል? አለፈ! ቁልፌን!»

አቶ ስምኦን በሐዘኔታ አያት። «ማለፉስ አልፏል። ነገር ግን ድልድዩ ከግቢያችን ክልል ውጭ ነው። ያንን ውርጭ የእኛ ነው ብለን ብንመዘግብ የሌላ መሥሪያ ቤት ሥልጣን መጋፋት ይሆንብናል።»

ሁለተኛው ጉዞ በተሻለ ዝግጅት ተካሄደ። ሉቃስ ከዓሣ ነጋዴዎች ወፋፍራም ማቀዝቀዣ ሣጥኖች ተውሶ፣ ማታውኑ በረዶውን አምጥቶ አሳደረው። ገና ጎህ ሳይቀድ ሱሌይማን እየወቀጠ ሣሩ ላይ በተነው። ከማንጎው ወደ አጥሩ፣ «እንኳን ለመጀመሪያውና ለመጨረሻው ውርጭ በሰላም አደረሳችሁ» የሚል ጨርቅ ተወጥሯል። ሣጥኖቹ ከዓሣ ጋር የኖሩ በመሆናቸው ውርጩ ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር፤ የሰፈሩ ድመቶች በሙሉ ያለ ግብዣ ተገኝተው ሥነ ሥርዓቱን አደመቁ። ፅጌረዳ ጎንበስ ብላ በጣቷ ዳሰሰችው።

«ውርጭ ነው?» አላት አቶ ስምኦን።

«ይቀዘቅዛል» አለች በጥንቃቄ።

«ይያዝ።»

አቶ ስምኦን ንግግሩን ከኪሱ አወጣ። «የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የአየር ንብረት ድንበር የማይበግረው ቁርጠኝነታችን ዛሬ በዚህ ሣር ላይ ነጭ ምስክር አግኝቷል...» እያለ ቀጠለ። ፀሐይ በበኩሏ ንግግር አላዘጋጀችም ነበር፤ በቀጥታ ወደ ሥራ ገባች። በጁባ ታሪክ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም የሆነው ውርጭ፣ አቶ ስምኦን ገና የመግቢያውን አንቀጽ ሳይጨርስ አለፈ። ቀና ሲል የሚያየው እርጥብ ሣርና ቅር የተሰኙ ድመቶች ብቻ ነበሩ።

«አለፈ!» ብላ ጮኸች ወይዘሮ አረጋሽ። «ሃሌ ሉያ! ሁላችሁም አይታችኋል፤ አለፈ!»

«አዎን፣ አልፏል። ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ሳምንት—»

«አቶ ስምኦን!» አለች፤ በእጇ በረዶ የተወቀጠበት ዘነዘና ነበር።

«—አስቀድመን በትዕግሥት ስለጠበቅን፣ እንደተፈጸመ ይቆጠራል» ሲል አረፍተ ነገሩን በብልሃት ጨረሰ።

ችግኞቹ ወጡ። ሱሌይማንና ሉቃስ ትሪዎቹን እንደ ታቦት በዝግታ ተሸክመው ከክፍሉ ሲያወጧቸው፣ እነዚያ ነጫጭ ረዣዥም ፍጥረታት የጁባን ፀሐይ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ። ለመጨረሻ ጊዜም ያዩት ያኔ ነው። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሁሉም በያሉበት ጋደም አሉ። በሪፖርቱ ላይ «ችግኞቹ ከአካባቢው መሬት ጋር በፍጥነት ተዋህደዋል» ብዬ ጻፍኩ፤ በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ሐቆች ሁሉ ይህ አንደኛው ነው።

ወይዘሮ አረጋሽ ጠረጴዛዎቿን አስገባች። ኤሲው እንዳለ ስለቀረላት ምሳ ቤቷ በከተማው ዝነኛ ሆነ። የአየር መንገዶቹ ተመለሱ፣ የግንባታዎቹም ጓደኞቻቸውን አስከትለው መጡ። አብይ ገና ከበሩ አባ ኮዳው እንደሌለ አረጋግጦ ዓሣ አዘዘ። ከጠረጴዛዎቹ በላይ መዝሙሩ እንደገና ይሰማ ጀመር። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ማለፊያ ነበር፤ ነገር ግን ሪፖርታችን ዋናው መሥሪያ ቤት ደረሰ።

እዚያ የሚኖሩ ሰዎች ሪፖርት ያነባሉ፤ ይህ ያልጠረጠርነው ጉዳይ ነው። «በጁባ ውርጭ ታይቷል» የሚለው ዐረፍተ ነገር በዓለም አቀፍ ደረጃ ከፍተኛ ድንጋጤ ፈጠረ። የምስጋናና የሐዘን መልእክት መጣልን። መልእክቱን ተከትሎ ደግሞ፣ በብርድ ለሚሠቃየው የጁባ ሕዝብ አስቸኳይ እርዳታ ይሆን ዘንድ፣ ወፋፍራም ብርድ ልብሶችና የክፍል ማሞቂያዎች በአውሮፕላን ደረሱ። ሉቃስ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጭኖ ሲያመጣቸው መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየው፤ አንዲት ሻይ ሻጭ «ማን ታመመ?» ብላ ጠየቀችው።

ዝናቡ ሊገባ ሰማዩ ጠቋቁሯል። ዕቃው የማያፈስ ጣሪያ ይፈልጋል። በግቢያችን የማያፈስ ጣሪያ ያለው ክፍል አንድ ብቻ ነው።

አቶ ስምኦን፣ እኔን ከነማስታወሻዬ አስከትሎ፣ በምሳ ሰዓት ወደ ምሳ ቤቱ ገባ። መቀመጫ አልነበረም፤ ሰው ሞልቷል። ወይዘሮ አረጋሽ አንድ እስር ጅርጅር ይዛ በየሳህኑ እያደለች መጣች።

«ወይዘሮ አረጋሽ፣ በሰብአዊነት ስም አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ።»

«ክፍሉን ነው?»

«ለአጭር ጊዜ ብቻ። ለብርድ ልብሶቹ።»

ማንኪያዎች አየር ላይ ቆሙ፤ አብይ ዓሣውን በሁለት እጁ ከለለ። ወይዘሮ አረጋሽ ጅርጅሩን አስቀመጠች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ከዚያም በሕይወቷ ተናግራው በማታውቀው ልስልስ ድምፅ እንዲህ አለች፦

«እሺ፣ በደስታ እሰጣለሁ። የመጨረሻው ሙቀት ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይምጡና ይረከቡኝ።»

አቶ ስምኦን መነጽሩን ሊያወልቅ እጁን አነሳ፤ ላቡ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አጣብቆት ነበርና ተወው። በንግግሯ ውስጥ ቀዳዳ ፈለገ፤ አላገኘም፤ ራሱ የገነባው ግድግዳ ነበርና።

«ሙቀቱ መቼ ያልፋል ተብሎ ይጠበቃል?» ሲል ጠየቀ።

«እሱን እኔ ምን አውቄ? ባለሙያ ሹሙ» አለች። «እስከዚያው እንዳይርብዎት፣ ቁጭ ይበሉ። አብይ፣ ጠጋ በልላቸው።»

ቁጭ አለ። በላ። ጅርጅሩንም ሁለት ጊዜ አስጨመረ፤ እጅግ ትኩስ ነው፣ ከየት ነው የሚመጣው ብሎም ጠየቀ። ሲነሳ ወደ እኔ ዞሮ «ይያዝ» አለኝ፤ ምኑ እንደሚያዝ ግን አልነገረኝም።

በማግስቱ ፅጌረዳ የሙቀት ጉዳይ ባለሙያ ሆና ተሾመች፤ እስከ ዛሬ በየማለዳው ሣሩን እየዳበሰች ሙቀቱ እንዳላለፈ ታረጋግጣለች። ብርድ ልብሶቹ ከማንጎው ሥር በሸራ ተሸፍነው ተከምረዋል፤ አባ ኮዳው ክምሩ አናት ላይ ቆሞ ከተማውን ይታዘባል። ከባሕር ማዶ የመጣው ዘር ግን እኩሌታው ሳይነካ ከረጢቱ ውስጥ ተርፎ ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ዕለት፣ እኔና ሉቃስ ለማንም ሳንናገር፣ ቃለ ጉባኤም ሳልይዝ፣ በምሳ ቤቱ በር አጠገብ ያለውን አፈር ጫር ጫር አደረግንና ዘራነው።